ሰው ሲሞላ የሚቆራረጥ ዋየርለስ ማይክ፤ ለባንድ የቱን ልግዛ?

ድምፃዊቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በባንድ ነው የምዘፍነው። ድራም፣ ቤዝ፣ ሁለት ጊታር፣ ኪቦርድና እኔ ነን። ድራሙ ሁሌም ከኋላዬ ነው። መድረኩ ጠበብ ካለ ሲምባሉ ከጭንቅላቴ ሁለት ሜትር እንኳን አይርቅም። ድምፄ ወፈር ያለ ነው። ቀስ ያሉ ዘፈኖች ላይ ማይኩን ከንፈሬ ላይ ለጥፌ ነው የምዘፍነው። ፈጠን ያለ ሲመጣ ግን አንድ ቦታ መቆም አይሆንልኝም። ከመድረክ ወርጄ ሰዉ መሀል እገባለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ይሄንን ነው። ስለዚህ «በገመድ ዝፈኚ» የሚለው መልስ ለእኔ አይሆንም።

አሁን ያለን ማይክ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሚሠራ ነው። ሳውንድ ቼክ ላይ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ብዞር ምንም አይለውም። ማታ ሰው ሲሞላ ግን ይቆራረጣል። በተለይ ሰዉ መሀል ገብቼ ጀርባዬን ለመድረኩ ስሰጥ አንዳንዴ ሙሉ ስንኝ ይጠፋል። ዘፈኑ ስሜት ላይ የደረሰበት ቦታ ላይ ድምፅ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚያም የዘፈነ ሁሉ ያውቀዋል።

ሚክሰራችን ዲጂታል ነው። ሳውንድማናችን በታብሌት ነው የሚቆጣጠረው። የማይኩ ሪሲቨር (ማይኩ በአየር የላከውን የሚቀበለው ዕቃ) ከሚክሰሩ ጋር አንድ ራክ (የዕቃ ሳጥን) ውስጥ ገብቶ መድረኩ ጥግ ይቀመጣል።

ወደ ዩኤችኤፍ (500 እና 600 ሜጋኸርዝ አካባቢ ወደሚሠራው) ልዙር? ከዞርኩስ አናሎግ ይሻላል ዲጂታል? ሌላው ጥያቄዬ ስለ ማይኩ ጭንቅላት ነው። እስካሁን የዘፈንኩት በኤስኤም 58 ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «ኮንደንሰር (ጥቃቅን ድምፅ ሳይቀር የሚይዝ ጭንቅላት) ውሰጂ፣ ቤታ 87ኤ ድምፅሽን ያጠራዋል» ትለኛለች። ምን ትላላችሁ?


ከሚክሰሩ ጀርባ፦

ሰላም እህቴ። ነገሩን በደንብ ስላስረዳሽ መልሱም ይቀላል። የባንድ ሳውንድ መሥራት ዋና ሥራዬ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ከሁሉ በፊት ማይኩን እንደ አንድ ዕቃ አትዪው። ሁለት ዕቃ ነው። ላይኛው ጭንቅላቱ ነው፣ ድምፅሽን የሚቀበለው። ታችኛው ሬዲዮ ነው፣ የተቀበለውን በአየር የሚልከው። ያንቺ ችግር ታችኛው ላይ ነው። ሰው ሲያወራ የሚውለው ስለ ጭንቅላቱ ነው። ገንዘቡ መሄድ ያለበት ግን ወደ ሬዲዮው ነው። ኤስኤም 58 ከ1966 ጀምሮ መድረክ ላይ ያለ ጭንቅላት ነው፣ ዛሬም ማንንም አያሳፍርም። ደካማ ሬዲዮ ላይ የተገጠመ ውድ ጭንቅላት ግን ምንም አያደርግልሽም።

ቀን ሠርቶ ማታ ለምን እምቢ ይላል ላልሽው፦ 2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይና የብሉቱዝ ሰፈር ነው። ሰው ወደ አዳራሹ ሲገባ ስልኩን ይዞ ነው የሚገባው። ያ ሁሉ ስልክ ዋይፋይና ብሉቱዝ ይፈልጋል፣ ይልካል፣ ይቀበላል። ያንቺ ማይክ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ነው የሚያወራው። በዚህ ላይ የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። እንዲህ አጭር የሆነ ሞገድ ሰው ፊቱ ሲቆም ዞሮ ማለፍ ይቸግረዋል። አንቺ ሰዉ መሀል ገብተሽ ጀርባሽን ስትሰጪ በማይኩና በሪሲቨሩ መሀል የራስሽ አካል አለ፣ ከዚያ ሌላ ሠላሳ አርባ ሰው አለ። እርጥብ ግድግዳ ማለት ነው። ዩኤችኤፍ 500 እና 600 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሞገዱ ርዝመት ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ነው። በሰው መሀል አልፎ የመድረስ ዕድሉ በጣም የተሻለ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳውንድማናችሁ ሚክሰሩን በታብሌት የሚቆጣጠረው በዋይፋይ ራውተር ነው አይደል? ራውተሩ የት ነው የተቀመጠው? እዚያው ራክ ላይ ከሆነ ሪሲቨሩ ከጠላቱ ጋር ጎን ለጎን ተኝቷል ማለት ነው። ራውተሩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙሩት፣ 2.4ውን አጥፉት። ሪሲቨሩን ከራኩ አውጡና መድረኩ ዳር፣ ከሰው ጭንቅላት በላይ በሆነ ከፍታ ስቀሉት። ምንም ሳትገዙ ነገ የምታደርጉት ነው። ሙሉ በሙሉ ላይፈታው ይችላል፣ ግን ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

ለዘለቄታው ግን አዎ፣ ሰው መሀል ለምትገባ ድምፃዊት ዩኤችኤፍ ነው። መድረክ ላይ ብቻ የምትቆሚ ቢሆን 2.4 ይበቃሻል እል ነበር።

አናሎግ ወይስ ዲጂታል? እኔ ዲጂታል እላለሁ። አናሎጉ ድምፅሽን ከመላኩ በፊት ይጨምቀዋል፣ ሪሲቨሩ ላይ ሲደርስ መልሶ ይዘረጋዋል። ኮምፓንደር የሚባለው ይሄ ነው። ጮክ ብለሽ ስትዘፍኚ ማንም አያውቅብሽም። ቀስ ባለው ዘፈን ላይ ግን የቃሉ ጭራ ሲያልቅ ሽሽሽ የሚል ነገር አብሮ ሲነሳና ሲወርድ ይሰማል። ዲጂታሉ ላይ ይሄ የለም። አናሎግ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፦ ሊጠፋ ሲል ቀድሞ ይንሾካሾካል፣ ያስጠነቅቅሻል። ዲጂታል እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ቆይቶ ባንዴ ነው የሚቆረጠው። ለዚህ ነው ሳውንድማኑ ዓይኑን ከሪሲቨሩ መብራት ላይ መንቀል የሌለበት።

ስም ጥሪ ካልሽኝ የሹር ኤስኤልኤክስ-ዲ እና የሴንሃይዘር ኢደብልዩ-ዲ ሁለቱም ዲጂታል ዩኤችኤፍ ናቸው። ሁለቱም እንዳንቺ ላለ ባንድ ይበቃሉ። ከእነዚህ በላይ ያለው ትልልቅ መድረክ ላይ ብዙ ማይክ ባንዴ ለሚያሠራ ነው፣ አሁን አያስፈልግሽም።

ስለ ጭንቅላቱ ሌላ ሰው ይጨምርበት፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማይኩን ስትይዢ ፊቱ የሚያየው አንቺን ነው። ከአንቺ ኋላ ደግሞ ሲምባሉ አለ። ማለትም ሲምባሉ የቆመው ማይኩ በደንብ በሚሰማበት አቅጣጫ ነው። ካርዲዮይድ (ከፊቱ የሚሰማ) ሆነ ሱፐርካርዲዮይድ (ከፊቱ ጠበብ አድርጎ የሚሰማ) ከዚህ አያድንሽም፣ ሁለቱም የሚደነቁሩት በጎናቸውና በጀርባቸው ነው። የሚያድንሽ ከንፈርሽን ማስጠጋትሽና ጭንቅላቱ ለሩቅ ድምፅ ቸልተኛ መሆኑ ነው። ኮንደንሰር ቸልተኛ አይደለም። የሲምባሉን ጥርት ያለ ጩኸት ከድምፅሽ ጋር አብሮ ያመጣዋል። እኔ ያንቺን ድምፅ ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ሲምባሉም አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለጊዜው ከኤስኤም 58 አትውጪ።


ኮረስ ነኝ፦

ወንድማችን ብዙውን ተናግሮታል። ኮንደንሰሩን ግን እንዲህ ባይጥለው ደስ ይለኛል።

እኔ የምዘፍነው በቤታ 87ሲ ነው፣ እሱም ኮንደንሰር ነው። ባንዳችን ውስጥ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሞኒተር (ድምፃዊው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) የለም፣ ሁላችንም ኢን-ኢር (ራሳችንን የምንሰማበት የጆሮ ማዳመጫ) ነው የምናደርገው። ጊታሮቹም አምፕ መድረክ ላይ አያስቀምጡም። ድራሙ ፊት የጋሻ መስታወት አለ። እንዲህ ባለ ጸጥ ያለ መድረክ ላይ ኮንደንሰር ሲሠራ መስማት ነው። ትንፋሽሽ፣ የቃሉ ጫፍ፣ ሁሉም ይወጣል። ለኮረስ ደግሞ ሦስት ድምፅ ሲደራረብ አይጨማለቅም። ጓደኛሽ የምትዘፍነው እንደኛ ባለ መድረክ ላይ ከሆነ እውነቷን ነው። ያንቺ መድረክ ግን ሌላ ነው።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዕቃው በላይ ይሄ ያሳስበኛል። የብረት መረቡን በእጅሽ አትሸፍኚው። ብዙ ድምፃውያን መረቡን ጨብጠው ይዘፍናሉ፣ ሲያዩት ያምራል። ግን ማይኩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚያጠፋው ከመረቡ ኋላ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። እነሱን ከዘጋሽ ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ሞኒተሩም ወዲያው ይጮኻል። ዋየርለስ ሲሆን ደግሞ ታችኛውን ጫፍም አትጨብጪ። በብዙዎቹ ላይ አንቴናው እዚያ ነው ያለው። መሀሉን ያዢ።


ቤዙን የሚመታው፦

እኔ የምጨምረው አጭር ነው። ያገለገለ ዩኤችኤፍ ልትገዢ ካሰብሽ መጀመሪያ ከሥሩ የተጻፈውን ሜጋኸርዝ አንብቢ። ዩኤችኤፍ ስለሆነ ብቻ የትም ይሠራል ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ 700 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ለማይክ የተዘጋው በ2010 ነው። ከ600ው አብዛኛው ደግሞ በ2020 ተዘግቷል፣ ለሞባይል ኔትወርክ ተሰጠ። እነዚያ ማይኮች ግን አልጠፉም፣ በርካሽ ገበያ ላይ እየዞሩ ነው። መልካቸው አዲስ ይመስላል፣ ውስጣቸውም ደህና ነው። ሞባይል ማማው ሥር ስትደርሺ ነው ጉዱ የሚታየው። በምትዘፍኑበት አገር የትኛው ሜጋኸርዝ ለማይክ እንደተፈቀደ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያውጃል። ከመግዛትሽ በፊት እሱን ጠይቂ። አንዱን ሞዴል ፋብሪካው በተለያየ የፍሪኩዌንሲ ባንድ (የሜጋኸርዝ ክልል) ስለሚያወጣው ስሙን ብቻ አይተሽ እንዳትገዢ።

ሌላው፣ የገመድ ማይክ ስታንዱ ላይ ተሰክቶ፣ ሚክሰሩ ላይ ቻናሉ ተከፍቶ ዝግጁ ይሁን። «በገመድ አልዘፍንም» ብለሻል፣ ገብቶኛል። ግን ዋየርለሱ ቢዘጋ ሁለት እርምጃ ሄደሽ አንስተሽ መቀጠል አለብሽ። ባንዱ መሀል ላይ መቆም የለበትም።


ድምፃዊቷ፦

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። ስለ ራውተሩ ሳውንድማናችንን ጠየቅኩት። እውነትም ራኩ ላይ፣ ከሪሲቨሩ በላይ ነው የተቀመጠው። የሪሲቨሩ አንቴናዎች ደግሞ ከኋላ በኩል ናቸው፣ ራኩ ብረት ነው፣ ጀርባው ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የሚቀመጠው። ሳውንድማናችን ዛሬውኑ ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙሮታል።

ገመዱንም ተቀብያለሁ፣ ስታንዱ ላይ ይሆናል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ኪቦርድ ተጫዋቻችን ኮረስ ስለሚዘፍን ለእሱም ዋየርለስ እንግዛለት ወይ እያልን ነው። ጊታር ተጫዋቹም ዋየርለስ ይፈልጋል። ሦስት ሲሆን ይጋጫሉ ይባላል፣ እንዴት ነው የሚጋጩት? ሌላው ደግሞ ወደፊት ኢን-ኢር ልናስገባ እናስባለን። ዲጂታል ማይክ ድምፁን ያዘገያል የሚባለው እውነት ነው?


ከሚክሰሩ ጀርባ፦

ለኪቦርዱ ዋየርለስ አትግዙ። ሰውየው ተቀምጦ ነው የሚዘፍነው፣ የትም አይሄድም። በገመድ ጥሩ ማይክ አድርጉለት፣ የተረፈውን ገንዘብ ያንቺ ሬዲዮ ላይ ጨምሩት። አየር ላይ ያለ ማይክ ባነሰ ቁጥር የቀረው ይጠነክራል።

የሚጋጩት እንዲህ ነው። ሁለት ትራንስሚተር (በአየር የሚልክ ዕቃ) አጠገብ ለአጠገብ ሲሠሩ ሦስተኛና አራተኛ የውሸት ፍሪኩዌንሲ ይፈጥራሉ። አንዱ 520.0፣ ሌላው 520.4 ሜጋኸርዝ ላይ ነው እንበል። የሁለተኛውን እጥፍ አድርጊና የመጀመሪያውን ቀንሺ፣ 520.8 ይመጣል። በዚያኛውም በኩል 519.6 ይመጣል። ሦስተኛውን ማይክ 520.8 ላይ ካስቀመጥሽው ማንም ሳይነካው ይረበሻል። ስለዚህ እኩል እኩል አራርቆ መደርደር ጥሩ ይመስላል እንጂ ጥሩ አይደለም። ይሄን በእጅ ማስላት አያስፈልጋችሁም። ሪሲቨሮቹ ላይ ግሩፕና ቻናል የሚል አለ። አንድ ግሩፕ ውስጥ ያሉት ቻናሎች እንዳይጋጩ ተሰልተው የተቀመጡ ናቸው። ሁሉንም ከአንድ ግሩፕ ውሰዱ፣ በቃ። ይሄ የሚሠራው ግን ዕቃዎቹ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ የፍሪኩዌንሲ ባንድ ሲሆኑ ነው። የጊታሩን ከሌላ ፋብሪካ ከገዛችሁ ስሌቱ ይፈርሳል።

መዘግየቱ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ነው። ዲጂታል ማይክ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ድምፅ በአየር አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ስለዚህ መሬት ላይ ባለ ሞኒተር ምንም አይታወቅሽም። ኢን-ኢር ሲሆን ጉዳዩ ይለያል። የራስሽን ድምፅ በአጥንትሽ በኩል ወዲያው ትሰሚዋለሽ፣ በጆሮሽ በኩል ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል። ማይኩ ላይ ሚክሰሩ ይጨመራል፣ ኢን-ኢሩም ዲጂታል ከሆነ የራሱን ያክላል። ሲደማመር ድምፅሽ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ሊሰማሽ ይችላል። ሁሉም ዲጂታል እንዳይሆን፣ ኢን-ኢሩን አናሎግ አድርጉት። ያኔ የምትጨነቂበት ነገር አይኖርም። የኢን-ኢሩን ትራንስሚተር ግን ከማይኩ ሪሲቨር አንቴና ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር አርቁት። አንዱ እየጮኸ ሌላው መስማት አይችልም።

ስለ አንቴናው፦ አሁን ያላችሁበት አቀማመጥ፣ ብረት ራክ ውስጥ ጀርባውን ወደ ግድግዳ፣ ማንኛውንም ማይክ ያደክማል። አዲሱን ስትገዙ አንቴናው የሚነቀል መሆኑን እዩ። የሚነቀል ከሆነ ወደ ራኩ ፊት ማምጣት ወይም በኬብል ወደ ስታንድ ማውጣት ይቻላል። ሁለት አንቴና ያለው ለውበት አይደለም። የአንዱ ሞገድ ከግድግዳና ከጣሪያ ነጥሮ ሲጠፋፋ ሌላው ይዞት እንዲቆይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አታቆላልፏቸው፣ እንደ ቪ ከፈት አድርጓቸው። ከማይኩ እስከ አንቴናው በዓይን የሚታይ መንገድ ይኑር።


ኮረስ ነኝ፦

አንድ የረሳነው ነገር አለ፣ ጌይን። ብዙ ዋየርለስ ማይኮች ራሱ ማይኩ ላይ የድምፅ መጠን ማስተካከያ አላቸው። ሳውንድ ቼክ ላይ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ተብሎ ይስተካከላል። ከዚያ ማታ ድምፃዊቷ የመጨረሻውን አዝማች ስትለቀው ማይኩ ውስጥ ይሰነጠቃል። ሚክሰሩ ላይ ዝቅ ማድረግ አይፈውሰውም፣ ምክንያቱም የተበላሸው ሚክሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። በጣም ጮክ ብለሽ የምትዘፍኚውን ቦታ ዘፍነሽ ነው መስተካከል ያለበት። ማውራት አይበቃም።

ድምፅሽ ወፍራም ሆኖ ከንፈርሽ ላይ ስለምታስጠጊው ደግሞ ታችኛው ድምፅ ይከማቻል፣ ቃልሽ ይደፈናል። ሳውንድማንሽ ሚክሰሩ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጥልሽ። ከኤስኤም 58 ወጥተሽ ቤታ 58ኤ ወይም ሌላ ሱፐርካርዲዮይድ ብትሞክሪ ሞኒተሩን ማዛወር አትርሺ። ካርዲዮይድ የሚደነቁረው ቀጥ ብሎ ከኋላው ነው። ሱፐርካርዲዮይድ ግን ከኋላው ትንሽ ይሰማል፣ የሚደነቁረው ከፊቱ 125 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ዞሮ ነው። ሞኒተሩ ፊት ለፊትሽ እንደነበረ ከቀረ ይጮህብሻል።


ድምፃዊቷ፦

ገባኝ። ኤስኤም 58 ጭንቅላት ያለው ዲጂታል ዩኤችኤፍ ነው የምገዛው፣ ጭንቅላቱ የሚፈታውን። ኢን-ኢር ስናስገባ ያኔ ጭንቅላቱን ብቻ እቀይራለሁ። ባትሪውስ? ሁሌ አዲስ መግዛት ሰለቸን። ደግሞ ብዙ ጊዜ መድረኩን ከሌላ ባንድ ጋር ነው የምንጋራው፣ እነሱም ዋየርለስ አላቸው።


ከሚክሰሩ ጀርባ፦

ጥሩ መርጠሻል። ቻርጅ የሚደረግ ተጠቀሙ፣ ግን ጠባዩን እወቁት። የሚጣለው አልካላይን ከ1.5 ቮልት ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ስለዚህ ማይኩ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት አያታልልም። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት አካባቢ ረጅም ሰዓት ይቆይና መጨረሻ ላይ ባንዴ ይወድቃል። ምልክቱ «አለ» እያለ ሊጠፋ ይችላል። መሣሪያው የባትሪ ዓይነት የሚመረጥበት ካለው በትክክል ምረጡ። ፋብሪካው የራሱን ሊቲየም የሚሸጥለት ከሆነ እሱ የቀረውን ሰዓት በደቂቃ ጭምር ያሳያል፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ወደ መድረክ ስትወጪ ሁሌ የሞላ ይሁን፣ የትናንቱን ትርፍ አትቁጠሪ።

ከሌላ ባንድ ጋር ስትጋሩ አብራችሁ ተነጋገሩ። የእነሱ ማይኮች በሙሉ ይብሩ፣ የናንተ ይጥፋ። የመድረኩ መብራትና የኤልኢዲ ስክሪኑም ይብራ፣ ስክሪኑ ራሱ አየሩን ይበክላል። ያኔ ሪሲቨራችሁ ስካን ያድርግ፣ ባዶ ቦታ ያገኝላችኋል። ከዚያ የናንተን አንድ በአንድ አብሩ። በመጨረሻ ማይኩን ይዘሽ እየዘፈንሽ ማታ የምትሄጂበትን ቦታ ሁሉ ዙሪ፣ ጀርባሽንም ስጪ። ሳውንድማንሽ ሪሲቨሩ ፊት ቆሞ የሁለቱን አንቴና መብራት ይይ። ሁለቱም ባንዴ የሚወርዱበት ቦታ ካለ አንቴናውን አዛውሩና እንደገና ዙሪ።